ሁለተኛ ምርጫ ፍለጋ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ካንሳስ ሲቲ

ጁላይ 21 ቀን 2024 እሁድ ነበር። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና እየጠጣን ሳለ ጆ ባይደን ከፕሬዚዳንት ምርጫው ውድድር መውጣታቸው ተሰማ። ካፌው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ወዲያው ከየጠረጴዛው አንድ ዓይነት ጥያቄ ተነሳ። «ታዲያ አሁን ማን ነው የሚመርጠው?»

መልሱ ያኔ አጭር ሆነ። የዴሞክራቲክ ፓርቲው ልዑካን በሁለት ሳምንት ውስጥ በኢንተርኔት ድምፅ ሰጥተው ካማላ ሃሪስን እጩ አደረጉ። እጩ የሚመረጥበት የፓርቲው ጉባኤ ቺካጎ ላይ ሲከፈት ነገሩ አልቆ ነበር። ጥያቄው ግን እኔን አልለቀቀኝም። ማንም ቀድሞ ካላሸነፈ፣ አዳራሽ ውስጥ የተሰበሰቡ ሰዎች እንዴት አድርገው አንድ ሰው ላይ ይስማማሉ? ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ቦታዎቹን በዓይኔ ማየት አማረኝ።

ባለፈው ነሐሴ ስምንት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ «መንዳቱን ለእኔ ተወው» አለኝ። እኔ ፍልሰታን እጾማለሁ፣ እሱ አይጾምም። ባለቤቴ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ኦቾሎኒ ቋጥራ ሰጠችን። የጉዞ ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር፣ የታሪኩን ዓመታት በፈረንጆቹ ጽፌያለሁ።

ነሐሴ 3፣ ባልቲሞር

ከቤታችን ባልቲሞር አንድ ሰዓት አይሞላም። መጀመሪያ የሄድነው ፕሬስተን መንገድ ላይ ወዳለው የአምስተኛው ሬጅመንት የጦር ግምጃ ቤት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል። ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ማማም አለው። የውስጡ ክፍል በ1933 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል። ዛሬም የወታደር ቦታ ስለሆነ አልገባንም። ዙሪያውን በእግራችን ዞርነው።

እዚህ ነው በ1912 ዴሞክራቶች የፕሬዚዳንት እጩ ለመምረጥ ለአንድ ሳምንት የተፋለሙት። ቻምፕ ክላርክ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር። በአሥረኛው የድምፅ መስጫ ዙር የኒው ዮርክ ልዑካን ሲዞሩለት ከግማሽ በላይ ድምፅ ያዘ። በእኛ አእምሮ አሸነፈ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የፓርቲው ሕግ ግን ሁለት ሦስተኛ ይጠይቅ ነበር። ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ የተሸነፈው ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያን በአሥራ አራተኛው ዙር ተነሣ። ኒው ዮርክ የደገፈችውን ሰው አልደግፍም ብሎ ድምፁን ለውድሮው ዊልሰን ሰጠ። ከዚያ ክላርክ ቀስ በቀስ ወረደ። ዊልሰን በ46ኛው ዙር እጩ ሆነ፣ በኖቬምበርም ፕሬዚዳንት።

ጓደኛዬ መኪናውን ተደግፎ ሲሰማኝ ቆየና «ከግማሽ በላይ ይዞ መሸነፍ ግፍ ነው» አለ። እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት ቀን እንደዚያ ነበር ያልኩት።

ባልቲሞር ይህን ቀድማም አይታዋለች። በ1844 ማርቲን ቫን ቡረን በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ አግኝቶ ሁለት ሦስተኛው አልሞላለትም። በሰባት ዙር ስሙ ያልተነሣው ጄምስ ፖልክ በስምንተኛው ብቅ አለ፣ በዘጠነኛው እጩ ሆነ። ዜናው ዋሽንግተን የደረሰው በቴሌግራፍ ነው። መስመሩ ጉባኤው ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው የተመረቀ ነበር። ዛሬ እኔ ያን መንገድ ስልኬ ላይ ሙዚቃ ከፍቼ ነው የምሄደው።

ነሐሴ 4፣ ፊላደልፊያ

ፊላደልፊያ ብዙ አልቆየንም። ለመኪና ማቆሚያ 22 ዶላር ከፈልን። ጓደኛዬ በ16 ዶላር የሥጋና አይብ ሳንድዊች በላ። እኔ በ2 ዶላር የከተማዋን ለስላሳ ፕሬትዝል ገዛሁ። ጨዋማ ነው፣ ከላዩ ሰናፍጭ ይቀባል፣ ለጾመኛ ይሆናል።

የምንፈልገው አዳራሽ የለም። በ2005 ፈርሷል። በቦታው ሆስፒታል ቆሟል። መግቢያው ላይ ሰዎች በሽተኞቻቸውን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ይገባሉ። ያ አዳራሽ ነው በ1936 ዴሞክራቶች የሁለት ሦስተኛውን ሕግ የሻሩበት። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ሲደመር አንድ ይበቃል። ጓደኛዬ «ይኸው፣ ብዬህ ነበር» አለ።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት እጩነቱን የተቀበለው እዚያው አጠገብ ባለው ስታዲየም ነው። ጁን 27 ቀን። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ። ሁለቱን ቀኖች አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም ነበር። ስታዲየሙ ፊት ቆሜ ሳስበው ልቤን ነካው። እዚህ መቶ ሺህ ሰው ሲያጨበጭብ፣ እዚያ አገሩ የተወረረበት አንድ ሰው የጋዜጠኞች ፉጨት እስኪበርድለት ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

በ1940 ደግሞ ሪፐብሊካኖቹ እዚሁ አዳራሽ ነበሩ። ዌንደል ዊልኪ በመጀመሪያው ዙር ሦስተኛ ወጣ። 105 ድምፅ ብቻ። ቶማስ ዲዊ 360 ነበረው። ሰገነቱን የሞላው ሕዝብ ግን የዊልኪን ስም እየጠራ ጮኸ። በስድስተኛው ዙር ዊልኪ አሸነፈ። ዲዊ ከዙር ወደ ዙር ሲወርድ ቁጥሩን ማየት ያሳዝናል። በዚህ ጨዋታ መሪ ሆኖ የጀመረ ሰው ካልጨመረ ይቀንሳል፣ ባለበት መቆየት የለም። ልዑኩ «ይህ ሰውዬ አይደርስም» ካለ ሌላ ያያል።

ነሐሴ 5፣ ኒው ዮርክ

ጀርሲ ሲቲ አብሮ አደጋችን ቤት አደርን። መኪናውን እዚያ ትተን በ3 ዶላር ባቡር ወደ ማንሃተን ተሻገርን። 23ኛው መንገድ ላይ ወርደን በእግራችን ማዲሰን አደባባይ ደረስን። ሙቀቱ ሸሚዝ ያጣብቃል።

አብዛኛው ሰው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲባል የዛሬውን ያስባል። የ1924ቱ ግን እዚህ፣ ከአደባባዩ ጥግ ነበር። በማግስቱ ዓመት ፈረሰ። አሁን በቦታው ባለወርቃማ ጣሪያው የኢንሹራንስ ሕንፃ አለ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ወደ ላይ አየነው። ከጎናችን አንዲት ሴትዮ ለሽኮኮ ኦቾሎኒ ትወረውራለች። እኔም ከባለቤቴ ኦቾሎኒ ቆንጥሬ ሰጠኋት።

103 ዙር። ከጁን 24 እስከ ጁላይ 9። የመጀመሪያው ተፎካካሪ ዊሊያም ማካዱ ነበር፣ ደጋፊው የደቡብና የምዕራብ ገጠር። ሁለተኛው የኒው ዮርክ አገረ ገዢ አል ስሚዝ፣ ካቶሊክ፣ የከተማ ልጅ። ጥሉ የግለሰብ አልነበረም። ጥቁሮችንና ካቶሊኮችን የሚያሳድደውን የነጮች ማኅበር፣ ኩ ክለክስ ክላንን፣ ስሙን ጠርተን እናውግዝ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በአንድ ድምፅ ያህል ወደቀ። ከዚያ በኋላ ማን ለማን ይለቃል? ማካዱ ከግማሹ ጥቂት እስኪቀረው ወጣ። ስሚዝ እሱን ማገድ ቻለ እንጂ ማሸነፍ አልቻለም።

ድምፅ የሚጠራው በፊደል ተራ ስለሆነ አላባማ ሁሌም ቀዳሚ ናት። አገረ ገዢዋ በየዙሩ ተነሥቶ 24ቱንም ድምፅ ለአላባማው ሴናተር ለአንደርውድ ይሰጣል። ጉባኤው በሬዲዮ ይተላለፍ ስለነበር በየቤቱ ያለ ሰው ያንን ቃል በቃሉ አጠናው። ልዑካኑ በራሳቸው ገንዘብ ሆቴል ተቀምጠው ኪሳቸው ሳሳ። በመጨረሻ ሁለቱም ሲለቁ ጆን ዴቪስ የሚባል ጠበቃ እጩ ሆነ። በኖቬምበር ካልቪን ኩሊጅ በሰፊው አሸነፈው።

ባልቲሞር ላይ ለሁለት ሦስተኛው ሕግ ልከራከር ዳር ዳር ብዬ ነበር። ማዲሰን አደባባይ ላይ ተውኩት። ሁለት ሳምንት አንድ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ ሰውን አያስታርቅም። የሚያስታርቀው ሌላ ነገር ነው።

ነሐሴ 6፣ ኢንተርስቴት 80

ይህን ቀን እዘለው ነበር፣ ጎማችን ባይፈነዳ። ፔንሲልቬንያ ተራሮች መሃል፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ትርፉን ጎማ አወጣን። ክሪኩ ግን ዝጎ አልዞር አለ። ለአንድ ሰዓት ያህል ታገልን።

አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን ቆመ። ሹፌሩ ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ፂሙ የነጣ ሰው ነው። የራሱን ክሪክ ይዞ ወረደ። እየሠራ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን። ነገርነው። ሳቀና ከአዮዋ መሆኑን ነገረን።

አዮዋ ውስጥ ዴሞክራቶች እስከ 2020 ድረስ ድምፅ የሚሰጡት በእግራቸው ነበር። ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሰው በሚደግፈው እጩ ጥግ ይቆማል። ብዙ ቦታ ላይ ከመቶ 15 ያልሞላ ቡድን ይፈርሳል። የፈረሰው ቡድን ሰዎች ወይ ወደ ሌላ ጥግ ይሄዳሉ ወይ ወደ ቤት። ሰውዬው የቆመበት ጥግ ፈረሰ። ያን ጊዜ ከወዲያ የመጣችው የልጆቹ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። «ስለ እጩዋ ምንም አላለችኝም» አለን። «ጉልበቴ እንደሚያመኝ ታውቃለች። ወንበር ይዛልኝ መጣች።» ሄደ፣ አጠገቧ ተቀመጠ።

ብሎኑን አጥብቆ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ገንዘብ ሰጠነው፣ አልቀበልም አለ። ዳቦ ቆሎ ሰጠነው፣ ተቀበለ። አዲስ ጎማ በሚቀጥለው ከተማ 140 ዶላር ወሰደብን። ኦሃዮ ውስጥ መንገድ ዳር ሆቴል አደርን።

ነሐሴ 7 እና 8፣ ቺካጎ

የጓደኛዬ አክስት ኤጅዋተር ነው የሚኖሩት። በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ፣ ምነው እንዲህ ጠቆራችሁ» አሉን። እሳቸውም ይጾማሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ ቀረበ። ከሦስት ቀን ዳቦና ኦቾሎኒ በኋላ እንጀራ ስነካ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

በማግስቱ በጠዋት ሌክ መንገድና ዋከር ድራይቭ የሚገናኙበት ጥግ ሄድን። ወንዙ አጠገብ ነው። በ1860 ለሪፐብሊካኖች ጉባኤ ተብሎ ዊግዋም የሚባል የእንጨት አዳራሽ የተሠራው እዚህ ነው። አሁን ያለው ምልክት ብቻ ነው። የቢሮ ሠራተኞች ቡናቸውን ይዘው ሲያልፉ ማንም አያየውም። እኛ ቆመን ሁለቴ አነበብነው።

465 ድምፅ፣ ለማሸነፍ 233። በመጀመሪያው ዙር የኒው ዮርኩ ሴናተር ዊሊያም ሲዋርድ 173 ተኩል፣ አብርሃም ሊንከን 102። ተኩሏ የመጣችው አንዳንድ ልዑክ ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለነበረው ነው። በሁለተኛው ዙር ፔንሲልቬንያ ወደ ሊንከን ዞረች። ሲዋርድ 184 ተኩል፣ ሊንከን 181 ሆኑ። በሦስተኛው ሊንከን 231 ተኩል ላይ ቆመ። አንድ ድምፅ ተኩል ጎደለው። የኦሃዮ ሰው ተነሣና አራት ድምፅ ማዛወራቸውን ተናገረ። ጣሪያ ላይ መድፍ ተተኮሰ።

እንዴት ሆነ? የሊንከን ሰዎች ብልጠትም ሠርተዋል። የሲዋርድ ደጋፊዎች በሙዚቃ ሰልፍ ላይ ሳሉ በተጨማሪ የታተመ መግቢያ ሰገነቱን በራሳቸው ሰው ሞሉት። በስሜ ውል እንዳትገቡ የሚል መልእክት ከሊንከን መጣ። ቢሆንም የፔንሲልቬንያው ሴናተር ካመረን በኋላ የጦር ሚኒስትር ሆነ። ይህን አልሸፋፍነውም። ዋናው ነገር ግን ሌላ ይመስለኛል። ሊንከን ከጉባኤው ሁለት ወር በፊት ለኦሃዮ ወዳጁ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ እንዳልሆነ ያውቃል። ስለዚህ ማንንም አናስቀይም አለ። የመጀመሪያ ፍቅራቸውን መተው ግድ ሲሆንባቸው ወደ እኛ ለመምጣት ልባቸው እንዲፈቅድ።

ከሰዓት በኋላ ሚሺጋን ጎዳና ላይ ወዳለው ብላክስቶን ሆቴል ሄድን። ሎቢው ውስጥ ቡና 6 ዶላር ነበር። በ1920 የሪፐብሊካን ሴናተሮች ሌሊት አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ዋረን ሃርዲንግን መረጡ ይባላል። «ጭስ የሞላው ክፍል» የሚለው አባባል የወጣው ከዚያ ነው። ሁለቱ መሪ ተፎካካሪዎች፣ ሊዮናርድ ዉድና ፍራንክ ሎውደን፣ ተያይዘው ቆመዋል፣ ማንም አያልፍም። በማግስቱ ሃርዲንግ በአሥረኛው ዙር አሸነፈ። ግን ጠዋቱን ልዑካኑ ወዲያው አልታዘዙም። አሁንም ለዉድና ለሎውደን ብዙ ዙር ሰጥተዋል። ክፍሉ ሐሳቡን ቢያቀርብም የወሰነው አዳራሹ ነው።

ከሆቴሉ ተሻግሮ ግራንት ፓርክ ነው። በ1968 ፖሊስ ወጣቶችን በዱላ የደበደበው በዚህ መስቀለኛ መንገድ ነው። ያን ሳምንት ሂዩበርት ሃምፍሪ አንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደር እጩ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሕጉ ተለወጠ። ዛሬ ልዑካኑን የሚያከፋፍለው የሕዝቡ ቅድመ ምርጫ ነው። በመጀመሪያው ዙር ማንም ግማሹን ካላለፈ ብቻ ነው ነገሩ እንደ ድሮው የሚከፈተው። ከ1952 ወዲህ በሁለቱም ፓርቲ የፕሬዚዳንት እጩ ለመምረጥ ሁለተኛ ዙር ተደርጎ አያውቅም።

ጓደኛዬ ሣሩ ላይ ተቀምጦ «ሕዝቡ ይምረጥ፣ አለቀ» አለ። እኔም አልተቃወምኩትም። እዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ሌላ ማለት ይከብዳል።

ማታ ቡና ሲፈላ ለአክስቱ ያየነውን ነገርናቸው። በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ስኒውን አስቀምጠው የእድራቸውን ታሪክ አጫወቱን። ከዓመታት በፊት ለሊቀመንበርነት ሁለት ሰዎች ቀረቡ። ሁለቱም ጎበዞች። ሁለት ጊዜ ድምፅ ተሰጠ፣ ሁለቴም ጥቂት ሰው ነበር የለያያቸው።

«ታዲያ ብዙ ያገኘው ለምን አልሆነም?» አላቸው ጓደኛዬ።

«ልጄ፣ እሱ ቢያሸንፍ የዚያኛው ወገን ለቅሶ አይመጣም ነበር» አሉ። «እድር ደግሞ ለለቅሶ ነው።»

ሦስተኛ ሰው ተገኘ። ድምፁ የማይሰማ፣ ወንበር የሚደረድር ሰው። ሁለቱ ተፎካካሪዎች አብረው ሄደው ቤቱ ለመኑት። እትዬ ይህን ሲናገሩ «አብረው» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ደገሙት። ጓደኛዬ ዝም አለ። ሦስተኛውን ቡና ጠጥተን ተኛን።

ነሐሴ 9፣ ስፕሪንግፊልድ

እትዬ ምሳ ሳንበላ አለቅም አሉ። ስለዚህ ኢሊኖይን በቆሎ በቆሎውን አቋርጠን ስፕሪንግፊልድ ስንደርስ አመሻሽ ነበር። የሊንከን ቤት ተዘግቷል። ቢሆንም ሰፈሩ ለእግረኛ ክፍት ነው። 8ኛውና ጃክሰን መንገድ ጥግ ላይ፣ አረንጓዴ መዝጊያ ያላቸው መስኮቶች፣ ቡናማ ቀለም፣ የእንጨት አጥር። ፌንጣ ይጮሃል።

ሊንከን ቺካጎ አልሄደም። ተወዳዳሪ ጉባኤ መሄድ ያን ጊዜ ነውር ነበር። እዚሁ ከተማ ሆኖ ቴሌግራም ጠበቀ። ሲዋርድም ኒው ዮርክ ግዛት ኦበርን ቤቱ ጠበቀ። ወዳጆቹ ለደስታው የሚተኮስ መድፍ አዘጋጅተውለት ነበር።

አጥሩን ይዤ ያሰብኩት ስለ ሲዋርድ ነው። በዚያ ጉባኤ ከሁሉም በላይ የሚታወቀው እሱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሠራለት ነገር በአንድ ጠዋት ለሌላ ሰው ሆነ። ቢያኮርፍ ማን ይፈርድበታል? በዚያው ዓመት ግን በባቡር ከግዛት ግዛት እየዞረ ለሊንከን ቀሰቀሰ። በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሆነ። ሊንከን በ231 ተኩል እና በአራት ድምፅ ብቻ እጩ ሆነ አልልም። ሲዋርድ ተነሥቶ ባይሄድ ኖሮ ያ ድምፅ የወረቀት ድምፅ ሆኖ ይቀር ነበር።

ለጓደኛዬ ይህን ስነግረው «የእትዬ ለቅሶ» አለ። አዎ፣ የእትዬ ለቅሶ።

ነሐሴ 10፣ ካንሳስ ሲቲ

ሚዙሪን አቋርጠን ከሰዓት በኋላ ገባን። ሙቀቱ ከኒው ዮርክ ይብሳል። ጓደኛዬ በ19 ዶላር የተጠበሰ ጎድን በላ። ለእኔ ባቄላው እንኳ ሥጋ ነበረበት። የኮመጠጠ ኪያርና ድንች በላሁ።

ድሮ ኬምፐር አሬና ይባል የነበረው ዌስት ቦተምስ የሚባለው የቀድሞ የከብት ገበያ ሰፈር ውስጥ ነው። ነጭ ነው፣ ጣሪያውን ከውጭ ትላልቅ የብረት ቧንቧዎች ተሸክመውታል። በ1976 ጄራልድ ፎርድና ሮናልድ ሬገን የተገናኙት እዚህ ነው። ማንም ሳያሸንፍ የተከፈተ ትልቅ ጉባኤ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ሁለቱም ገና ያልወሰኑ ልዑካንን አንድ በአንድ ያሳድዱ ነበር። ፎርድ ፕሬዚዳንት ስለነበር ዋይት ሀውስ ይጋብዛቸዋል። ሬገን ምክትሉን ቀድሞ አሳወቀ። ፎርድም ከድምፁ በፊት እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ደንብ የሬገን ሰዎች አቀረቡ። ደንቡ 1,180 ለ1,069 ወደቀ። የእጩው ድምፅም ያንኑ ተከተለ፣ 1,187 ለ1,070። ብዙ ጊዜ ትልቁ ድምፅ የሚሰጠው ማንም በማያየው የደንብ ክርክር ላይ ነው።

በመጨረሻው ሌሊት ፎርድ ሬገንን ወደ መድረክ ጠራው። ሬገን መጣ፣ ተናገረ። ከአራት ዓመት በኋላ እጩው እሱ ሆነ።

አሬናው አሁን የስፖርት ሜዳ ነው። ገባን። መግቢያ 10 ዶላር ከፈልን። ውስጡ ሁለት ፎቅ ሆኗል፣ በብዙ ሜዳዎች ላይ ልጆች መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። ፉጨትና የጫማ ሲጢጥታ ብቻ ነው የሚሰማው። ወላጆች በማጠፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ለማሸነፍ 1,130 ያስፈልግ ነበር። ፎርድ የተረፈው 57 ሰው ነው። 58 ልዑካን ቢለቁት ሁለተኛ ዙር ይመጣ ነበር። ይህን ለጓደኛዬ ነገርኩት።

የብረት መደገፊያውን ተደግፎ ወደ ሜዳው አየ። ከዚያ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ቢጫ ማልያ የለበሱትን፣ ሰማያዊዎቹን፣ ውሃ የሚጠጡትን፣ ጫማ የሚያስሩትን። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅኩት። አንዲት ትንሽ ልጅ እየሮጠች ስትገባ ጣቱን አነሣና «ሃምሳ ስምንት» አለ።